ጋሽ ጆሮና የዘገየው ቴፕ

ጊታር በስልክ መማር ከመምጣቱ በፊት በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ አይጠፋም ነበር። ጊታር የምትማር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ የእሷ ሰፈር ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ጆሮ ናቸው፤ ሙያቸው ሬዲዮ መጠገን፣ ማዕረጋቸው የጊታር ክር ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

“በዓይንሽ አትስሚ!” ይሏታል ልብስ ሰፊዋን፣ ጣቷን እያየች በተጫወተች ቁጥር።

አቤት ያ ዘመን! አንዲት ዜማ ለመያዝ ካሴቱ መቶ ጊዜ ወደኋላ ይጠነጠናል፤ ያውም ባትሪ እንዳያልቅ በእስክሪብቶ። ሦስት ወር ለፍቶ የዘፈን መግቢያ የቻለ ሰው መንገድ ላይ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። ዛሬማ ስልኩ ጣት በጣት ያሳያል፣ ቀስ በል ሲሉት ቀስ ይላል። ጋሽ ጆሮን የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው።

“ሳይለፉበት የመጣ ዜማ ምኑ ዜማ ነው?”

ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ወደ ስልካቸው ተሰደዱ። የቀረቻቸው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ቤቷ በድብቅ ከስልኳ ትማራለች። እሷ ከቀረች ማስተማራቸው እንደሚያበቃ ታውቃለች። ቢሆንም አንድ ቅዳሜ “በቃኝ” ልትላቸው ቆርጣ ሄደች።

እንደተቀመጠች ስልኳ ላይ ያለውን የክር መቃኛ ከፍታ ክሩን መታች። ቀዩ መብራት ቦግ አለ፤ ድምፁ ከልኩ በታች ነው። ስድስቱም ክር እንደዚያው።

“ስልክሽ ታሟል” አሉ ጋሽ ጆሮ።

ከዚያ ክር የሚቃኙበትን አሮጌ ቴፓቸውን ከፍተው ከስልኩ ድምፅ ጋር አስተያዩት። ለካ ቴፑ ሞተሩ ደክሞ ቀስ እያለ ነበር የሚዞረው፤ ድምፁም ወፍሮ ነበር የሚወጣው። እሳቸው በቴፑ ቃኙ፣ ሰፈሩ በእሳቸው ቃኘ። አንዴ ሠርግ ላይ አምስት ተማሪዎቻቸው ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ሲላቸው፣ “ኪቦርድህን አሠራ!” ብለው ኪቦርድ ተጫዋቹን ሊያሳብዱት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጆሮ ሳበላሽ ኖሬያለሁ በይኛ!” አሉና ጊታራቸውን ወደ ሣጥኑ መክተት ጀመሩ። 

ልብስ ሰፊዋን አንጀቷን በሏት። ልትናገር የመጣችው አፏ ላይ ቀረ።

“ኧረ ጋሼ፣ የት ሊሄዱብኝ ነው? ይቺ ኮርድ እኮ የጣት አያያዟ እምቢ ብሎኛል!” ብላ ግራ እጇን ዘረጋችላቸው።

“እንዴት አባሽ ነው የያዝሽው? አይ አንቺ ልጅ!” ተመልሰው ቁጭ አሉ። ሌባ ጣቷን ይዘው ክሩ ላይ አሳረፉት፣ ጫን አደረጉት። “እህ፣ አሁን ስሚው።”

ሰማችው። ያቺን ኮርድ ከስልኳ ከተማረቻት ሁለት ወሯ ነው።