ቀይዋ ለየቀኑ፣ ጥቁሯ ለቅዳሜ

ትናንት ሌሊት፣ ራት ላይ ቦዘና ሽሮ አብዝቼ ነው መሰለኝ፣ ጉድ የሆነ ሕልም አየሁ። ሕልም እልም ይላል ሲሉ እሰማለሁ፤ ይሄኛው ግን እልም የሚል ዓይነት አልነበረም። እስካሁን የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ወንድይፍራው እባላለሁ፣ ገርጂ የሴራሚክ ሱቅ አለኝ። ሰሞኑን ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ደላላው አያልቅበት ሁለት ያገለገሉ የስፖርት መኪኖች አሳየኝና ዕንቅልፍ ነሳኝ። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጥቁር። ቀይዋ ጨዋ ናት፤ ጠዋት ሥራ አድርሳ ማታ በሰላም ትመልሳለች። ጥቁሯ ደግሞ ለድሪፍት የተፈጠረች ናት። ድሪፍት ማለት ለማታውቁት፣ መኪናን ኩርባ ላይ ሆን ብሎ በጎን ማንሸራተት ነው። አንድ እሁድ ወጣቶች ሜዳ ላይ ሲያደርጉት አየሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ አርባውን ያለፍኩ ሰውዬ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪ እንኳ ቀጥ አድርጌ መግፋት አቅቶኛል። ሁለቱንም የመግዛት አቅም የለኝም። አንዷን መረጥኩ ብዬ ስተኛ ጠዋት ሌላዋ አምራኝ እነሳለሁ። ለባለቤቴ ለስንዱ ትንፍሽ አላልኩም፤ ለእሷ የሚነገርበት ቀን አለው።

እና በሕልሜ ከቤት ስወጣ በሬ ላይ ሰልፍ አለ። ምን ቢሰለፍ ጥሩ ነው? ነዳጅ ማደያ! ሦስት ማደያዎች ጣሪያቸውን እንደተሸከሙ አንዱ ከአንዱ ኋላ ቆመዋል።

«ጌታዬ» አለኝ የፊተኛው፣ ቧንቧውን ዝቅ አድርጎ እጅ እየነሳ፣ «ሙሉ ላድርገው? ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፍነው።»

«ኧረ ተራ ይከበር!» ብሎ ጮኸ የኋለኛው። «እሱ ዘመድ ስላለው ነው የቀደመን!»

«መኪና እኮ የለኝም» አልኳቸው።

የፊተኛው ማልቀስ ጀመረ። «ወይኔ! ያ መምረጥ ያቃተው ሰውዬ ነው» አለ። እንባው ናፍጣ ነበር፤ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

ጫማዬን እየጠረግሁ ዋናው መንገድ ደረስኩ። ሰው ሁሉ በጎኑ ይሄዳል። አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ተረከዛቸውን ወርወር አድርገው ሲጢጥ ብለው ታጠፉ፤ አንዲት ሽንኩርት እንኳ አልወደቀችባቸውም። እኔ እንደ ልማዴ ፊት ለፊት ስራመድ ፊሽካ ተነፋብኝ።

«ቁም!» አለች ትራፊክ ፖሊሷ። «ቀጥ ብለህ እየሄድክ ነው!»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እህቴ።»

«ሰው ይታዘበኛል አይባልም? በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ!» ብላ ፊቴን አተኩራ አየችው። «ወንድይፍራው አይደለህ? አዋጁን አልሰማህም እንዴ? ፀሐይ እስክትገባ ከቀይዋና ከጥቁሯ አንዷን ካልመረጥክ አንተ ራስህ ትሸጣለህ።»

«ለማን?»

«ለመኪና ነዋ!»

«ፀሐይ መቼ ነው የምትገባው?»

ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «እንደ ጸባይዋ ነው» አለችኝ።

ክንዴን ይዛ ወደ ሰው ተራ ወሰደችኝ። መኪና ተራን የምታውቁ እንደዚያ ነው፤ የሚሸጠው ግን ሰው ነው። ወንዶች ታጥበውና ተወልውለው በመስመር ቆመዋል፤ ግንባራቸው ላይ በነጭ ቀለም «ይሸጣል» ተብሎ ተጽፏል። መኪኖቹ በመሃላቸው እየዞሩ ይመርጣሉ። ጎረቤቴ አቶ ልሳኑም እዚያ ቆመዋል። አንዲት ትንሽ ታክሲ ቀረብ ብላ ቅልጥማቸውን በጎማዋ መታ መታ አደረገችና ወደ ደላላው ዞረች። ደላላው አያልቅበት ነው!

«ይሄ እንዴት ነው?» አለችው።

«ሴት የያዘችው ነው። ከቤት ቤተክርስቲያን፣ ከቤተክርስቲያን ቤት፤ ሌላ መንገድ አያውቅም።»

«ሞተሩ ተከፍቷል?»

«አንዴ፣ ለትርፍ አንጀት።»

«ቀለሙስ የፋብሪካ ነው?»

አያልቅበት የአቶ ልሳኑን ጸጉር ገለጥ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀብቷል። ይኸው ሥሩን እይው።»

አቶ ልሳኑ አቀረቀሩ። ታክሲዋ ከንፈሯን መጠጠችና ወደሚቀጥለው ሰውዬ አለፈች።

«አያልቅበት!» አልኩት ደንግጬ። «አንተ እውነት መናገር የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምን ላድርግ ወንዴ፣ እንጀራዬ ሆነ» አለኝ።

«እንግዲያው እውነቱን ንገረኝ፤ የቷ ትሻለኛለች?»

«ሁለቱም ይቅሩብህ። ቀይዋ ልብህን ትበላለች፣ ጥቁሯ ጎማ ትበላለች።»

ይሄን ብሎኝ ሳይጨርስ እኔ ግቢዬ ውስጥ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደመጣሁ አትጠይቁኝ። በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው ነጠላ ያጣፋ አሮጌ ቮልስ ነው፣ መብራቶቹ በሞራ የተሸፈኑ። ሁለተኛው መስተዋቱ ላይ ጭራ ያንጠለጠለ የጭነት መኪና ነው።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ሞተራችሁን አጥፉና አረፍ በሉ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ ሞተር አናጠፋም» አለ ቮልሱ፣ ወጉን ጠብቆ። «ልጄ፣ የመጣነው ልጆቻችንን ይዘን ነው። ከሁለቱ ለአንዷ ባለቤት እንድትሆናት።»

«ባለቤት እኮ አለኝ» አልኩ ስንዱ ትዝ ብላኝ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ለአንተ ባለቤት ካለህ፣ ለእሷ ባለቤት ቢኖራት ምን ነውር አለው?» አለ የጭነት መኪናው። እውነቱን ነው።

ቮልሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔዋ ልጅ ቀይዋ ናት። አንድ ጊዜ ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች። በዝናብ አታኮርፍም። ጉድጓድ ስታይ 'ይቅርታ' ብላ ነው የምታልፈው።»

«የእኔዋ ደግሞ» አለ የጭነት መኪናው፣ ጭራውን እያወዛወዘ፣ «ጥቁሯ፣ አልዋሽህም፣ ጠዋት ጠዋት ትነጫነጫለች። ኩርባ ያየች ዕለት ግን ዘፈን ይመጣባታል።»

«ቀምሶ ይምረጣ!» አለ ቮልሱ።

ቀይዋ በሯን ከፈተችልኝ። መሪው ላይ እጄን ላሳርፍ ስል በቀስታ መለሰችልኝና ራሷ ነዳች። «ወገብህ እንዴት ነው?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ፍጡር የለም። የትራፊክ መብራቶቹ ስናልፍ ጎንበስ እያሉ አረንጓዴ አበሩ። መጨናነቅ የሚባል ነገር የለም፤ መኪኖቹ ሁሉ በየሰዉ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ዝናብ ሲጥል ጣሪያዋን ራሷ ዘጋችልኝ። ሱቄ የደረስነው ከመነሳታችን በፊት ነበር፤ ደንበኞቼ ሴራሚክ ተሸክመው «እባክህ መልሰህ ግዛን» እያሉ ይለምኑኛል። አንዲት ብሎን እንኳ አልተንኳኳችም። ሰላም ተሰማኝ። በቃ ይቺው ናት፣ አልኩ በልቤ።

ወዲያው ከጀርባዬ ሳል ሰማሁ። ጥቁሯ ናት፣ ማዕዘኑ ላይ ተደግፋ።

«ሰውዬው፣ ጨረስክ?» አለችኝ። «ና ግባ። ያዝ!»

«ምኑን?»

«ሆድህን!»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ በር አልነበራትም መሰለኝ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ አደባባዩ ራሱ መዞር ጀመረ። የእጅ ፍሬኑን ሳብ ስታደርገው ኋላዋ ወጣ፣ አፍንጫዋ ወደ መሃል ዞረ፣ ከተማው ሁሉ በጎኑ መጣ! ሕንጻዎቹ ቀበቷቸውን ጠበቅ አደረጉ። ጭሱ ነጭ ነው፣ የተቃጠለ ጎማና የሎሚ ሽታ አለው። እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሚኒባሶቹም በጎን ይንሸራተታሉ፤ አንዱ ወያላ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «በጎን! በጎን! በጎን ያለህ ግባ!» ይላል። ተሳፋሪዎቹ በየመስኮቱ እልል ይላሉ። ሣሩ ላይ የሚግጡት ፍየሎች ዳኞች ነበሩ።

«ጭሱ አነሰ» አለ አንድ ሙክት ጺሙን እያሻሸ።

«አነሰ?» አለች ጥቁሯ። «እስቲ ይሄን ቅመሰው!»

ዳሩን ታክካ፣ የኋላ ጎማዎቿን እያስጮኸች አንዴ ዞረች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። «ወይ ዳሌ!» ብዬ ጮህኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ስቄ አላውቅም። እንባዬ እየወረደ፣ ሆዴን ይዤ፣ እግዜር ይስጥህ ሕይወት እያልኩ ሳቅሁ። ሙክቱም ተነስቶ በሁለት እግሩ ቆሞ አጨበጨበ። በቃ ይቺው ናት፣ አልኩ ደግሞ።

ቀና ስል ፀሐይ ሹራቧን እየለበሰች ነው።

«ልሄድ ነው» አለች።

«ኧረ በእናትሽ ትንሽ ቆዪ!»

«ቤት እንግዳ አለብኝ።»

ትራፊክ ፖሊሷ የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዛ ደረሰች። ሽማግሌዎቹ ከኋላዋ፣ ሞተራቸው እንደተነሳ። ቀይዋ በስተቀኜ መብራቷን ዝቅ አድርጋ አፍራ ቆማለች፤ ጥቁሯ በስተግራዬ ጎማዋን መሬት ላይ ታሻለች።

«ምረጥ!» አለችኝ ፖሊሷና ግንባሬ ላይ «ይ» ብላ ጻፈች። ቀለሙ ይቀዘቅዛል።

«አንድ ጊዜ ላስብበት!»

«አስበህ ሞተሃል!» ብላ «ሸ» ጨመረች።

ቀይዋን አየሁ። ወገብህ እንዴት ነው ያለችኝ ትዝ አለኝ። ጥቁሯን አየሁ። ሳቄ ትዝ አለኝ። «ጣ» ተጻፈች። አያልቅበት ከአንዲት ገልባጭ መኪና ጋር ቀርቦ «ይሄ ደግሞ ትንሽ ያንኮራፋል፣ ግን ይሠራል» እያለ ስለ እኔ ሲያስረዳት ሰማሁ። ገልባጯ ቅልጥሜን ልትነካ ጎማዋን አነሳች። ብሩሹ ለመጨረሻዋ ፊደል ተነከረ። ፀሐይ አንድ እግሯን ወደ ቤቷ አስገብታለች። እኔ ለገልባጭ ልሸጥ? እኔ ወንድይፍራው?

«ሁለቱንም!» ብዬ ጮህኩ ባለ በሌለ ኃይሌ። «ሁለቱም የእኔ ናቸው! ቀይዋ ለየቀኑ፣ ጥቁሯ ለቅዳሜ!»

ዓለም ቀጥ አለ። ፖሊሷ ሽማግሌዎቹን አየች፤ ሽማግሌዎቹ ፀሐይን አዩ፤ ፀሐይ ትከሻዋን ነቀነቀች። ቮልሱና የጭነት መኪናው ቁጭ ብለው ሞተራቸውን አጠፉ። እልልታው ቀለጠ! ጥሩምባ፣ ጭብጨባ፣ አቶ ልሳኑ ከነቀለማቸው እስክስታ ወረዱ። ማደያዎቹ ተራ ጥሰው እየተጋፉ መጡ። ቀይዋ በአንድ ጉንጬ፣ ጥቁሯ በሌላው ተጠጉኝ። እንዲህ የሚያስደስት ነገር አለ ለካ! «ቀይዋ ለየቀኑ፣ ጥቁሯ ለቅዳሜ!» እያልኩ ደጋግሜ ጮህኩ፣ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ።

ነቃሁ። ነግቷል። ስንዱ ለቤተክርስቲያን ለብሳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«ቀይዋ ማን ናት?» አለችኝ።

«እ? መኪና ናት።»

«ጥቁሯስ?»

«እሷም መኪና ናት።»

«'ወይ ዳሌ' ያልከውስ?»

«እሱ... ኩርባ ላይ ኋላዋ ሲወጣ...»

«ተው ወንድይፍራው።»

«በማርያም ስንዱ! አያልቅበትን ጠይቂው፣ መኪና ናቸው!»

ስልኬን አነሳችና ደወለች፤ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተችው። አያልቅበት ሃሎ እንኳ አላለም።

«ወንዴ! ምነው ዘገየህ? ጥቁሯ እኮ አመለጠችህ! ትናንት አንድ ጎረምሳ ይዟት ሄደ። ቀይዋ ግን አለችልህ፤ ዛሬውኑ መጥተህ ካልጨረስክ እሷም ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው አለ። ስለ ሚስትህ አታስብ፣ እኔ አፌ ቁልፍ ነው!»

ስንዱ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እሷንም ይውሰዳት» አለችውና ዘጋችው።