ካልጠየቁት የማይናገር ልጅ

ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያለ ልጅ ንፍጥ የለውም። የሰጡትን ይበላል፣ ካልጠየቁት አይናገርም። እንዲህ ያለ ልጅ የት አይታችኋል? መጽሐፉን የጻፈውም ሰው አላየም። ደክሞት የተመኘውን ልጅ ነው የጻፈው።

እኔ ግን አንድ አይቻለሁ፤ እህቴ አስቴርን። በንጉሡ ዘመን፣ ጎባ፣ ትምህርት ቤት ያስነበቧትን የጨዋ ልጅ ታሪክ እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር። ጨዋው ልጅ ትልልቆች ሲያወሩ ጥግ ይዞ ዝም ይላል፣ በመጨረሻም ይመረቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። አስቴርም ጥጓን ያዘች። አባታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያሉ ይኮሩባት ነበር።

ያን ዓመት እናታችን ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው አረፈች። እኛ ግን "ሲሻላት ትመጣለች" ተባልን። መርዶ ለልጅ ይነገራል እንዴ? ለአዋቂው እንኳ የሚነገረው ስንት ተዙሮ ነው!

እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር የሚሄዱ ተጓዦች ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ይዘው፣ እያዜሙ በደጃችን ያልፋሉ። ጎረቤታችን አደ ፋጡማ፣ "እዚያ ሄዶ ዱዓ ያደረገ ያጣውን ያገኛል" ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ? ተከተልኳቸው።

ቤቱ ተተራመሰ። ግማሹ ሰው ወደ ወንዝ ሮጠ፣ ግማሹ "ጅብ ሳይበላው!" እያለ ወደ ጫካ። አስቴር ስሄድ አይታኛለች። ጥጓ ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ዝም! ትልልቆቹ እያወሩ ነበራ። በመጨረሻ አደ ፋጡማ፣ "አንቺስ፣ ምን ሆነሻል?" ቢሏት ተናገረች። አባቴ በበቅሎ ገስግሰው፣ በሮቤ መንገድ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ተጓዥ ትከሻ አወረዱኝ። ሽማግሌው ምስኪን የማን ልጅ መሆኔን መንገደኛውን ሁሉ ሲጠይቁ ነበር አባቴ የደረሱብን።

ቤት ስንገባ አባቴ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አሏት።

"እያወራችሁ ነበር" አለች።

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከዛሬ ጀምሮ የምታውቂውን ተናገሪ፣ ትልቅ ሰውም ቢያወራ አቋርጪ አሏት።

ጥግ የያዘ ልጅ ምን የማይሰማው አለ? አስቴር ብድግ አለች።

"እንግዲያውስ እማዬ መሞቷን ለዚህ ልጅ ይንገሩት። የሄደው እሷን ፍለጋ ነው።"

"ኧረ እቺ ባለጌ!" አለ ጎረቤቱ። አባቴ ግን ሁለታችንንም እቅፍ አድርገው አለቀሱ። እኔም እናቴን በወጉ አለቀስኳት። ለዚያ ብልግናዋ እህቴን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።