ክቡር ሂሻም እና የነፋሱ ጥሩንባ

በየዕድሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሠርጉ ድንኳን አንድ ሰው አይጠፋም። ወረፋ ሲያዝ፣ ሥጋ ሲከፋፈል፣ ወንበር ሲደለደል ከኋላ ቀስ ብሎ ይነሣና ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ይቅርታ፣ ለራሴ ብዬ አይደለም» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የእሱ ነው። አገር ያለ ዳኛ ሊከርም ይችል ይሆናል፤ ያለዚህ ሰው ግን አንድ ቀን ውሎ አያድርም።

የእኛው ሂሻም ይባላል። እኛ «ክቡርነታቸው» እንለዋለን፤ ፊት ለፊቱም ቢሆን። ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ፈታሽ ነው። ቀኑን ሙሉ በፊቱ በሚያልፍ ጨርቅ ላይ የተዘለለ ክር ሲፈልግ ይውላል። ዓይኑ እዚያ የለመደውን ሥራ ሰው መሀልም ይዞት ይመጣል። የትም ቦታ የተዘለለ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው፤ ችግሩ ካየ በኋላ ዝም አለማለቱ ነው።

አንድ ጊዜ በሚኒባስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ልንወጣ ስንል ጋቢና የተቀመጠውን ሰው «ወንድሜ፣ አንተ ባለፈውም ጋቢና ነበርክ» አለው። በኀፍረት መሬት ልገባ ደረስኩ። ሰውየው ትንሽ አሰበና «እውነት ነው፣ ባለፈውም እኔ ነበርኩ» ብሎ ወረደ። ጋቢናው ላይ ከባድ ዘንቢል የያዙ እናት ተቀመጡ። ሂሻም ከኋላ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ፣ ደሴ እስክንገባ ድረስ በሙሉ እርካታ ተጓዘ።

ጭማቂ ቤት ስንገባም ያው ነው። ስፕሪስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ የአቮካዶው ንጣፍ በሁላችንም ብርጭቆ እኩል መሆኑን ያያል። የሚበልጠው የእሱ ሆኖ ካገኘው ካነሰበት ሰው ጋር ይለዋወጣል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ያስተዋልኩት ግን ቆይቼ ነው።

ያገናኘን ጨዋታ ነው። በ2011 እና በ2012 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእኛ ነበር። አንድ ዘመዴ ከውጭ የላከልኝን የጨዋታ መጽሐፍ ይዘን ደሴ ፒያሳ፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፎቅ ላይ ጀመርን። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌላው እያንዳንዱ አንድ ሰው ይፈጥራል፣ ተዋጊ ወይም ሐኪም ወይም ሌባ፣ የፈለገውን። ተራኪው «ገደል አፋፍ ደርሳችኋል፤ ከታች እሳት ይታያል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የምታደርገውን ትናገራለህ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ ይወስናል። የፈጠርከው ሰው ከቅዳሜ ቅዳሜ ያድጋል። ደግ ሥራ ከሠራ ወይም ዕድል ከቀናው ተአምረኛ ዕቃ ያገኛል። የመጽሐፉን አገር ትተን ተራራውን ጦሳ፣ ወንዙን ቦርከና አደረግነው።

ቆየት ብሎ ሁለት ጠረጴዛ ሆንን። ደሴ ላይ የምተርከው እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ ደግሞ ጽናት የምትባል፣ ሳቋ ከሩቅ የሚታወቅ የመጋዘን ሠራተኛ፣ በእህቷ ጭማቂ ቤት ጓዳ ውስጥ ትተርክ ነበር። ታሪኩ አንድ ነው። ኮምቦልቻ ያገኘኸውን ዕቃ ደሴ ይዘህ ትመጣለህ። ለዚህ የሚሆን ሕግ አወጣን፤ ማለቴ፣ ሂሻም አወጣልን።

አንድ ቅዳሜ፣ ቀድሞ ለመጣ ብዬ የማይጠፋ ፋኖስ ሸለምኩ። ሂሻም ተነሣ።

«ለራሴ ብዬ አይደለም። ቀድሞ ለመጣ ከተባለ ኢስራ መቼ ታገኛለች?»

ኢስራ ቢስቲማ የምትባል ከተማ መምህርት ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥታ ሁለት መኪና ቀይራ ነው የምትደርሰው። አንገቷን ደፍታ «ተወው ሂሻም፣ እኔ ምንም አላልኩም» አለች። ፋኖሱ ግን ለዕጣ ቀረበ። የሂሻም ሰው በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ከአንድ የዛገ ጋሻ በቀር ያገኘው ነገር ስላልነበረ በልቤ «ቅናት ነው» እል ነበር።

ከዚያ የጥሩንባው ነገር መጣ።

ኮምቦልቻ ጠረጴዛ ላይ አብርሃም የሚባል ልጅ ነበር፤ ከጽናት ጋር አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እናቱ ከደሴ በታች ገራዶ የሚኖሩ። አንድ ቅዳሜ ጽናት ከዋሻ አስወጥታ ለእሱ ብቻ የነፋስ ጥሩንባ ሰጠችው። ጥሩንባው አንዴ ከተነፋ የሰማ ጠላት ሁሉ መሣሪያውን ጥሎ መሬት ላይ ይቀመጣል። በቀን አንዴ፣ ያለ ዳይስ፣ ያለ ጥያቄ።

በሳምንቱ አብርሃም ጥሩንባውን ይዞ ደሴ መጣ። በዚያ ቀን ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን ጦርነት አዘጋጅቼ ነበር። የጠላቱን ጦር አሰለፍኩ፤ የፈረሶቹን ቀለም እንኳ ተረክሁ። አብርሃም በለሆሳስ «እነፋለሁ» አለ። ጦሩ ተቀመጠ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኢስራ ዳይሷን በመዳፏ እንደጨበጠች ቀረች። ከዚያም የመመለሻ መኪና እንዳያመልጣት ተነሣች።

ሂሻም የሁለቱም ጠረጴዛ ስብሰባ ጠራ። በማግሥቱ እሑድ ጭማቂ ቤቱ ጓዳ ተገናኘን።

«ለራሴ ብዬ አይደለም» አለ። «ኢስራ ከቢስቲማ ድረስ መጥታ ዳይስ ሳትጥል ተመለሰች። አብርሃም ባለፈበት ዋሻ ሁላችንም አልፈናል። ለእሱ ጥሩንባ ከተሰጠ ለሌላው ምን ተሰጠ?»

«ተራኪዋ እኔ ነኝ» አለች ጽናት። «መስጠት መብቴ ነው።»

«መብትሽ ነው። ምክንያቱን መጠየቅ ደግሞ የእኛ ነው።»

ጽናት አብርሃምን አየችው። እሱ ብርጭቆውን ያዞራል።

«ምክንያት አለኝ። መናገር ግን አልችልም።»

«የማይነገር ምክንያት ሕግ አይሆንም» አለ ሂሻም።

ድምፅ ተሰጠ። እኔም እጄን አወጣሁ። ለፍትሕ ብዬ ግን አልነበረም፤ ጦርነቴ ስለተበላሸብኝ ነው። ጥሩንባው ይመለስ ተባለ። አብርሃም ዕቃው የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ብርጭቆው ሥር አደረገው፤ «እሺ፣ ውሰዱት» ብሎ ወጣ። የቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም።

የዚያን ቀን ተጫውተን ስንጨርስ፣ ደሴ ድረስ የወጣችው ጽናት ዕቃችንን ስንሰበስብ አስቆመችን።

«አስምሎኝ ነበር» አለች። «አሁን ግን መሐላዬን ላፍርስ። አባቱ ሞተዋል። መተማ ለሥራ እንደሄዱ አረፉ፤ እዚያው ቀበሯቸው። እሱ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ዕድርተኛ የለ፣ አገር የሚጠራ የለ። ‘አባቴ ጥሩንባ እንኳ ሳይነፋለት ተቀበረ’ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። እኔም የምሰጠው ሌላ ነገር አልነበረኝም።»

ከታች መንገድ ላይ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል።

«ሕጉ ልክ ነው» አለ ሂሻም በመጨረሻ።

«ሂሻም፣ ለአላህ ብለህ ተው» አለች ኢስራ።

«ልክ ነው እኮ። እኔ ግን ሳላውቅ ነው የፈረድኩት።» ዳይሱን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱም ቀረ። በሌላውም። ስልክ ደወልኩለት።

«አብርሃም በቀረበት ቀን እኔ ብጫወት የእኔ ሰው ከእሱ ሰው በልጦ ያድጋል» አለኝ። «ይሄ እኩል አይደለም።»

ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። እንደ ልማዱ ክቡርነታቸው አኩርፈው ቤታቸው ተቀምጠዋል አልኩ። ቤቱ አለመቀመጡን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ የነገሩኝም የአብርሃም እናት፣ እትዬ ወርቅነሽ ናቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ገራዶ ወርዶ በራቸውን አንኳኳ። አብርሃም አይቶት ወደ ጓሮ ዞረ። እትዬ ወርቅነሽ «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የአብርሃም ጓደኛ ነኝ እትዬ። ለቅሶ ሳልደርስዎ ቀረሁ፤ ልጅዎንም አስቀይሜያለሁ።»

አስገቡት። ስሙን ሲነግራቸው ሙስሊም ነውና ሥጋ እንደማይበላላቸው ዐውቀው ቆሎና ሻይ አቀረቡለት። ሲመሽ ተመልሶ ሄደ። በሁለተኛው ቅዳሜም መጣ፤ አብርሃም አሁንም አላናገረውም። ሂሻም ከእናትየው ጋር ባቄላ ሲፈለፍል ዋለ። እትዬ ወርቅነሽ ሲነግሩኝ «ሲፈለፍልም እኩል እኩል ይከምረዋል፤ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» ብለው ሳቁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አብርሃም ራሱ ከጓሮ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አባትህን ልወቃቸው ብዬ» አለ ሂሻም። «ሳላውቅ ፈረድኩብህ። አሁን ንገረኝ።»

አብርሃም መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሰባት ሰዓት ላይ የጀመረ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተናገረ። አባቱ እንዴት እንደሚስቁ፣ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ሳይሆን ዓይኑን እንደሚያዩ፣ መተማ የሄዱት ለእሱ ትምህርት ብለው እንደነበር ነገረው። እትዬ ወርቅነሽ «እኔ እናቱ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሁለቱም አንድ ሚኒባስ ላይ መጡ። ደስ ብሎን ወንበር ስንሰጥ ሂሻም እምቢ አለ። አብርሃም አራት ቅዳሜ ቀርቷል፤ እሱ ግን ሦስት ብቻ። ስለዚህ በዚያ ቀን ጥግ ይዞ ሻይ ሲቀዳልን ዋለ። አብርሃም ሻዩን ሲቀበለው ሳቀ። ከወራት በኋላ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ሂሻም ስለ ጥሩንባው አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ጥሩንባው የሁለቱም ጠረጴዛ ይሁን። ሳምንቱ የከበደው ሰው እጁን ያውጣና ይውሰደው።

«ምክንያቱስ?» አለች ጽናት፣ ዓይኗን ሳትነቅልበት።

«ምክንያት አይጠየቅም» አለ።

ይህ ሕግ አንድ ቀን እንኳ አልተጣሰም። እኔ ሰው ያጭበረብራል ብዬ ነበር። ከአብርሃም ሌላ እጇን ያወጣችው ኢስራ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ቀን ወስዳ፣ ሳትነፋው፣ ፊቷ አስቀምጣው ዋለች። ምን እንደነበር አልነገረችንም። አልጠየቅናትም።

ከዚያ መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ጠረጴዛችንን በተነው። ጽናት አዳማ ናት። አብርሃም ባሕር ዳር ትዳር ይዟል። ኢስራ ለበዓል ትደውልልኛለች። ሂሻም ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ዛሬም ጨርቅ ይፈትሻል።

ዘንድሮ ከተማሪዎቼ ጋር አዲስ ጠረጴዛ ጀመርኩ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ የሰጠኋቸውን ተቀብለው ያመሰግናሉ። እኔም ተአምረኛ ዕቃውን እንደ ሠርግ ከረሜላ በተንኩላቸው። በሦስት ወር ውስጥ የማይበር የለም፣ የሚሞት የለም። ማንም «ለምን ለእሱ?» አይልም። አንድ ቅዳሜ ስተርክ ሁለቱ ስልካቸውን ሲነካኩ አየሁ፤ አልፈረድኩባቸውም። ለሂሻም ደወልኩ።

መጣ። ጸጉሩ በጆሮ ግንዱ በኩል ሸብቷል። ልጆቹ ተነሥተው ወንበር ለቀቁለት።

«የድሮ ሰውህን ይዘህ ግባ» አልኩት።

«እነሱ ከምን ጀመሩ?»

«ከባዶ።»

«እንግዲያው እኔም ከባዶ» አለና ዱላ ብቻ የያዘ አንድ ተሸካሚ ፈጠረ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ሸለቆ ውስጥ ግዙፍ ጅብ ገጠመን። ሌሎቹ በረሩ። የሂሻም ተሸካሚ ክንፍ የለውም። እኔ ዳይሱን የምጥለው ከታጠፈ ካርቶን ጀርባ ነው፤ የወጣውን ቁጥር ከእኔ በቀር የሚያይ የለም። ጣልኩ። ለሂሻም ከሁሉም የከፋው ቁጥር ወጣ።

ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ሰው ነው። ከኮምቦልቻ ድረስ ጠርቼው ገና ሻዩን አልጨረሰም። «ጅቡ ሳተህ» ብል ያለቀ ነገር ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ስንቴ ብያለሁ። ቀና ስል ሂሻም ካርቶኑን ሳይሆን እኔን እያየኝ ነበር።

«ሞተሃል» አልኩት።

ሳፊያ የምትባለው ተማሪዬ «ቲቸር፣ አንድ ዕድል ይጨምሩላቸው» አለች። ሂሻም «አይሆንም» በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈ፤ ፊቱም በራ። ከዚያም ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እስኪያልቅ ድረስ የሌሎቹን ጨዋታ ሲያይ ዋለ። ስልኩን የነካካ ልጅ በዚያ ቀን አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ዋሽቼ አድነው ነበር። እሱን ግን እወደዋለሁ።