ጉም ወደ ዳባት ሊላክ ነው

[ጎንደር፣ አራዳ። የክረምት ቅዳሜ፣ አመሻሽ ላይ። ዝናቡ ለጊዜው አቁሟል። መለሰ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከቢሮው ውጭ ደግሞ በግ መምረጥ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ ይላል። ጌትነት የሚስቱ የዝናሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከዳባት መጥቶ እነሱ ጋር ይኖራል። ግቢው መሀል ጉም የተባለው ውሻቸው ተኝቷል። ጸጉሩ ከመብዛቱ የተነሣ ዐይኑና ጅራቱ አይለይም። ዝናሽ ሥልጠና ላይ ሰንብታ ዛሬ ማታ ከባሕር ዳር ትመለሳለች። ስትሄድ፣ ስመለስ አንድ ቁንጫ ከነከሰኝ ውሻው ዳባት አጎቴ ዘንድ ይሄዳል ብላ ነው የወጣችው። መለሰ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ለብሷል።]

መለሰ፦ ጭንቅላቱ በዚህ በኩል ነው አልኩህ።

ጌትነት፦ እሱ መቀመጫው ነው፣ አያ መለሰ።

መለሰ፦ ውሻ ሲተኛ ፊቱን ወደ በር አድርጎ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። በሩ የት ነው?

ጌትነት፦ እዚያ።

መለሰ፦ ስለዚህ ጭንቅላቱ እዚያ ነው።

ጌትነት፦ ጉም ይህን የሰማ አይመስለኝም። [ከኪሱ ቁራሽ ዳቦ አውጥቶ በሌላኛው በኩል ያስጠጋል። ዳቦው ይጠፋል።]

መለሰ፦ ዞሯል።

ጌትነት፦ አልተንቀሳቀሰም እኮ።

መለሰ፦ እኛ ስንከራከር ዞሯል። ይህ ተንኮለኛ ውሻ ነው። [ብብቱን ያካል።]

ጌትነት፦ ምነው፣ አሳከከህ?

መለሰ፦ ብርድ ነው። ብርድ ያሳክካል። አሁን ወደ ሥራችን። ጭንቅላቱን የፈለግሁት ለምን መሰለህ? መድኃኒቱ የሚደረገው በሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ነው። እዚያ ምላሱ አይደርስም። ከላሰው ይታመማል።

ጌትነት፦ ሸጋ። ሐኪም ብርቱካንም እንዲሁ ነው ያለችኝ።

መለሰ፦ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድክ?

ጌትነት፦ ጠዋት ወሰድኩት።

መለሰ፦ እኔ እያለሁ?

ጌትነት፦ አንተ ማክሰኝት ገበያ ነበርክ።

መለሰ፦ ማክሰኝት የሄድኩት ለምን ሆነና? [ከካፖርቱ ኪስ ትልቅ ጠርሙስ ያወጣል።] ለዚህ ነው። መዥገር በለው፣ ቁንጫ በለው፣ ቅማል በለው፣ ድራሹን ነው የሚያጠፋው።

ጌትነት፦ [ጠርሙሱን ያገላብጣል።] በሬ አለበት።

መለሰ፦ የት?

ጌትነት፦ እዚህ፣ ወረቀቱ ላይ።

መለሰ፦ ሥዕል ነው። ሳሙናው ላይም ቆንጆ ሴት አለች። አንተ አትታጠብበትም?

ጌትነት፦ [ብዙ ያስባል።] እታጠብበታለሁ።

መለሰ፦ በቃ።

ጌትነት፦ ሐኪሟ ግን የከብቱን መድኃኒት ውሻ ላይ እንዳታፈሱ ብላለች። ያንቀጠቅጠዋል፣ አረፋ ያስደፍቀዋል፣ ሊገድለውም ይችላል አለች። ደጋግማ አስጠናችኝ።

መለሰ፦ ለምን ደጋግማ?

ጌትነት፦ ፊቴን አይታ መሰለኝ።

መለሰ፦ ስማኝ። በሬ ከውሻ አይበልጥም?

ጌትነት፦ ይበልጣል።

መለሰ፦ ለትልቁ የሆነ ለትንሹ እንዴት አይሆንም?

ጌትነት፦ ያንተ ሱሪ ለእኔ አልሆነም። መንገድ ላይ ወለቀብኝ።

መለሰ፦ ሱሪ ሌላ ነው። እኔ የማወራው ሳይንስ ነው። ለበሬ የሆነ ለሁሉም ይሆናል። ይህችን እንዳትረሳ።

ጌትነት፦ አልረሳም። [ከሸሚዝ ኪሱ ጣት የማታክል ቱቦ ያወጣል።] እሷ የሰጠችኝ ይህችን ነው። የውሻ ብቻ ናት። ውሻ አለባት።

መለሰ፦ ይህ የዐይን ጠብታ ነው። ለዚህ ሁሉ ውሻ?

ጌትነት፦ የሚሰጠው በኪሎ ነው አለች። ከበዛም ይጎዳል፣ ካነሰም አይሠራም። ቀድመህ መዝነው ስትለኝ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት።

መለሰ፦ ወፍጮ ቤት? ከእህሉ ጋር?

ጌትነት፦ ከእህሉ በፊት። ወረፋ ሰጡን። ሰማንያ አንድ ኪሎ ሆነ።

መለሰ፦ ሰማንያ አንድ ኪሎማ ጥጃ ነው።

ጌትነት፦ እኔም ደንግጬ ነበር። ብቻውን አልቆምም ስላለኝ አቅፌው ነው ሚዛኑ ላይ የወጣሁት።

መለሰ፦ አቅፈኸው። አንተ ስንት ኪሎ ነህ?

ጌትነት፦ እኔን ማን መዘነኝ? የታመመው እሱ።

መለሰ፦ [ግንባሩን ይይዛል።] ራስህን ትቀንሳለህ እኮ፣ ጌትነት።

ጌትነት፦ ሐኪሟም ይህንኑ አለችኝ። ትንሽ ውጭ ወጥታ ስቃ ተመለሰች። ከዚያ ራሷ መዘነችው። አሥራ ስምንት ሆነ።

መለሰ፦ ይህ ጸጉር ብቻውን አሥራ ስምንት ነው። ሚዛኗ ተበላሽቷል። ና፣ አመዛዘን ላሳይህ። [እጁን ጉም ላይ አሳርፎ ዐይኑን ይጨፍናል።] ማክሰኝት እኔ እጄን ሳላሳርፍበት በግ የሚገዛ ጓደኛ የለኝም። አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ከበጎቹ መሀል ነው የምቀመጠው። ይህ አርባ ኪሎ ነው። ብትፈልግ አርባ ሁለት።

ጌትነት፦ እጅህ ገና ጸጉሩ ላይ ነው። ገላው ጋ አልደረስክም።

መለሰ፦ [እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል። እስከ ክርኑ ይገባል።] የት ነው ያለው?

ጌትነት፦ ትንሽ ዝቅ በል።

መለሰ፦ [ይደርስበታል።] ይቺ ናት?

ጌትነት፦ ይቺ ናት።

መለሰ፦ ቀሪውስ?

ጌትነት፦ ቀሪው ጸጉር ነው። አያ መለሰ፣ ማክሰኝትም እንዲህ ከላይ ከላይ ነው የምትመርጥላቸው?

መለሰ፦ ምን ማለትህ ነው?

ጌትነት፦ ጓደኛህ ሙሉቀን ባለፈው በጉ ታርዶ አጥንት ብቻ ሆነ እያለ ሲያዝን ሰምቼ ነው።

መለሰ፦ ሙሉቀን አስተራረዱን አያውቅም። [አንገቱን ያካል። ቀጥሎ ጎኑን ያካል።]

ጌትነት፦ ዛሬ ብርዱ ጎንህም ገብቷል።

መለሰ፦ ካፖርቱ ባይኖር ምን እሆን ነበር። ባለፈው ወር ነው የገዛሁት። ውስጡ የበግ ቆዳ ነው። ዋጋ ስንነጋገር በግ ነጋዴው ራሱ ለብሶት ነበር፤ ከትከሻው አውልቆ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ አውልቄው አላውቅም። ማታም ብርድ ልብሱ ላይ እደርበዋለሁ።

ጌትነት፦ ሸጋ ካፖርት ነው። [ካፖርቱን ሊዳስስ እጁን ይዘረጋል፤ ሐሳቡን ለውጦ ይመልሰዋል።]

መለሰ፦ እሺ፣ ያንተን የዐይን ጠብታ እንኳ እንሞክር። ጀርባው ላይ ጠብ እናደርጋለን፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ አለቀ።

ጌትነት፦ አይወርድም። የሣር ቤት ክዳን ነው እኮ። ዝናብ ሲጥል ውስጥ ይገባል? ጸጉሩ ላይ ከቀረ ምንም አይሠራም፤ ገላው ላይ ነው ማረፍ ያለበት አለች።

መለሰ፦ እንላጨዋለና።

ጌትነት፦ እሱንም ከልክላለች። ጸጉሩ ለብርዱም ለፀሐዩም መከላከያው ነው። ገላው እስኪታይ መክፈል ብቻ ነው። እታለም ዝናሽ ልጅ ሆና ሹሩባ ስትሠራ ጸጉሯን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። መክፈል ዐውቃለሁ።

መለሰ፦ ለውሻ ሹሩባ ልትሠራ ነው?

ጌትነት፦ ሁለት ብቻ።

መለሰ፦ ጎረቤት ምን ይለናል?

ጌትነት፦ ለሐዲጃ ነግሬያታለሁ።

መለሰ፦ ስለ ሹሩባው?

ጌትነት፦ ስለ ድመቷ። አንዳንዱ የውሻ ጠብታ ለድመት መርዝ ነው። የሐዲጃ ድመት ደግሞ ከጉም ጎን ካልተኛች እንቅልፍ አይወስዳትም። እስኪደርቅ ዝጊባት አልኳት፤ ዘግታባታለች። ከሁሉ በፊት ግን ነጭ ጨርቅ ላይ ይበጠር ብላለች። ቁንጫ ካለበት ይወድቃል፣ ይታያል። እሷ ጋ ሲበጠር ምንም አልወደቀም። ብትጠራጠሩ ቤትም ሞክሩት አለች።

መለሰ፦ እጠራጠራለሁ። አንሶላ አምጣ።

[ጌትነት ሰሌን ዘርግቶ በላዩ ነጭ አንሶላ ያነጥፋል። ጉምን መሀሉ ላይ ያቆማል። መለሰ ማበጠሪያውን ይነጥቀዋል፤ ተንበርክኮ፣ ውሻው ላይ ጎንበስ ብሎ ማበጠር ይጀምራል። ካፖርቱ አንሶላውን ያለብሰዋል።]

ጌትነት፦ ካፖርቱን ብታወልቀው አይሻልም?

መለሰ፦ ልታመም? [ያበጥራል።] እ። ይህ ምንድን ነው? ይኸው፣ አንድ ዘለለ። እዚያም። እዚያም። ጌትነት፣ ና እይ። ሚዛኗም የተበላሸ፣ ዐይኗም የተበላሸ።

ጌትነት፦ [ፊቱ ይጠቁራል።] ጉምዬ። ጠዋት እኮ ምንም አልነበረብህም።

መለሰ፦ ሕግ ሕግ ነው። እኔም ውሻውን እወደዋለሁ፤ ቢሆንም ቃል ገብቻለሁ። ዝናሽ መንገድ ላይ ስለሆነች አሁኑኑ እነግራታለሁ። [ስልኩን ያወጣል። ጀርባውን ሰጥቶ፣ በቢሮ ድምፅ ያወራል።] ዝናሽ፣ ምርመራው ተጠናቋል። ቁንጫ ተገኝቷል። አይ፣ ለማንም አላዳላም። ቁንጫ የተገኘበት ማንም ይሁን ማን ዛሬ ማታ የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም፤ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ዳባት ይሳፈራል። አዎ፣ ቃሌ ነው። ጌትነትም ምስክር ነው።

[እሱ ሲያወራ ጌትነት ጉምን በረንዳው ላይ ወስዶ ትከሻው መሀል ያለውን ጸጉር ይከፍላል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሹሩባ ይጎነጉናል፣ ገላው ሲታየው ከቱቦዋ መድኃኒቱን ጠብ ያደርጋል። ከዚያ ተመልሶ አንሶላውን አራግፎ እንደገና ያነጥፋል። መለሰ ስልኩን ዘግቶ አንሶላው ላይ ይንበረከካል።]

መለሰ፦ ምን እያደረግህ ነው?

ጌትነት፦ አንድ ጊዜ ደግመን እንየው። ዳባት ከመሄዱ በፊት።

መለሰ፦ እንየው። እኔ ደግሜ ብመረምር አልፈራም። [አንሶላው ላይ አጎንብሶ ይጠብቃል። ብብቱን፣ አንገቱን፣ ጎኑን ያካል። ካፖርቱ ይራገፋል።] ይኸው። አሁንም። ከበፊቱ ብሷል።

ጌትነት፦ አያ መለሰ።

መለሰ፦ ምን?

ጌትነት፦ ጉም እዚህ የለም።

መለሰ፦ እና?

ጌትነት፦ እየዘነበ ነው።

መለሰ፦ ዝናቡ ካቆመ ቆየ እኮ።

ጌትነት፦ ዝናቡን ማለቴ አይደለም።

[መለሰ አንሶላውን ያያል። በረንዳውን ያያል። ጉም ሁለት ሹሩባውን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። መለሰ እንደገና አንሶላውን ያያል።]

መለሰ፦ ንፋስ አምጥቶት ነው።

ጌትነት፦ ንፋስ የለም።

መለሰ፦ ከዛፍ ነው።

ጌትነት፦ ዛፍም የለንም። ከአንሶላው በላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። እታለም ነከሰኝ ማለት የጀመረችው መቼ ነበር?

መለሰ፦ ባለፈው ወር። ጉም ከመጣ ጀምሮ።

ጌትነት፦ ጉም የመጣው ለፋሲካ ነው። ባለፈው ወር የመጣው ካፖርቱ ነው።

መለሰ፦ [የካፖርቱን ውስጥ ገልጦ ያያል።] ያ ነጋዴ።

ጌትነት፦ ደግ ሰው ነው ያልከው? [የበሬውን ጠርሙስ አንሥቶ ክዳኑን ይፈታል።]

መለሰ፦ [ወደ ኋላ ይሸሻል።] ምን ልታደርግ ነው?

ጌትነት፦ ድራሹን ያጠፋል ብለሃል።

መለሰ፦ ለሰው አይሆንም። ሊገድለኝ ይችላል።

ጌትነት፦ ለበሬ የሆነ ለሁሉም ይሆናል። እንዳትረሳ አልከኝ፤ አልረሳሁም።

መለሰ፦ የበሬ ነው። በሬው እኮ እዚያው ላይ አለ።

ጌትነት፦ ሥዕል ነው።

[የግቢው በር ይንኳኳል። ዝናሽ ናት። በሩን ሳይከፍቱላት፣ ቁንጫ የተገኘበት ከቤት ወጣ ወይ ስትል ትጣራለች።]

መለሰ፦ [በሹክሹክታ፣ ካፖርቱን ለማውለቅ ከቁልፉ ጋር እየታገለ] ጌትነት፣ ወንድሜ። ውሻው ነው በላት። ለዛሬ ብቻ።

ጌትነት፦ ለማንም አላዳላም ብለሃታል። እኔን ደግሞ ምስክር አድርገሃል።

መለሰ፦ ሌሊቱን ዝናብ ሊጥል ነው።

ጌትነት፦ ካፖርት አለህ። [ወደ በሩ ሄዶ መቀርቀሪያውን ይይዛል።] ወጥቷል፣ እታለም፣ ግቢው ውስጥ ነው። ግን ለነገው፣ አጎታችንን አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂው። ይኸኛው ብዙ ያወራል።