መቶ በመቶ የተመረጠ ዘይት

እሑድ ጥቅምት 11 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አቶ ከተማ በተቀበሩ በአሥረኛው ቀን፣ ጅማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ፦ ሟቹ ትተዋት የሄዱት ቮልስ የሞተር ዘይቷ ከእንግዲህ በልማድ አይቀየርም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋንቱ የፈለጉት ቀላል ነገር ነበር። ባላቸው በየእሑዱ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሰርቦ፣ ቤተ ክርስቲያን ያደርሷቸው በነበረባት መኪና፣ በአርባቸው ቀን እዚያው ሰርቦ ከመቃብራቸው መድረስ። ዘይት የምትቀየርበት ጊዜ ደርሶ ስለነበር መካኒኩን ቲጃኒን አስጠሩት። እሱ የተናገረው ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም።

«አርባ ቁጥር ዘይት፣ ሁለት ሊትር ተኩል። ጋሽ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌላ አላስነኳትም፣ ወላሂ።»

በዚህ ኋላ ቀር አጭርነት የደነገጠው የበኩር ልጃቸው ሣህሉ ነው። ሣህሉ በመሥሪያ ቤቱ የዕቅድና ግምገማ ባለሙያ እንደመሆኑ ነገር እንዴት እንደሚረዝም ያውቃል። «አሮጌው አስተሳሰብ ሳይጸዳ አዲሱ አይገባም» ብሎ፣ በሞተሩ ውስጥ የነበረው ዘይት በዚያው ሰዓት እንዲፈስ አዘዘ።

«ማሎ፣ ሣህሉ፣ መጀመሪያ አዲሱን ይዘህ ና» ሲል ለመነው ቲጃኒ።

«ምርጫው በአሳታፊ መንገድ ይከናወናል።»

«እሺ፣ አፈሰስኩ። ብቻ ዘይት ሳይገባባት ቁልፍ እንዳታዞር።»

ቤተሰቡ አንድ ለአምስት ተደራጀ። ሰብሳቢው ሣህሉ፤ አባላቱ እናቱ፣ ሚስቱ መሳይ፣ እህቱ ሩትና ወንድሙ ወንድወሰን ሆኑ። አንድ ሰው ስለጎደለ አቶ ከተማ ተመዘገቡ። በየእሑዱም ከስማቸው አጠገብ «አልተገኙም፤ ምክንያት አላቀረቡም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ወይዘሮ ፋንቱ በተራቸው ግለ ሂስ አደረጉ፤ በልቅሶ ምክንያት ስለ ዘይት አለማሰባቸውን አመኑ። ጉባኤው ይቅርታ አደረገላቸው፤ እንዳይደገም ግን አሳሰበ።

«አርባው እየደረሰ ነው እኮ፣ ልጄ» ሲሉት፣ ሣህሉ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላቸዋል። ቀጭኑና ወፍራሙ፣ የቢጫ ጣሳውና የቀይ ጣሳው ሲገመገም አራት ሳምንት አለፈ። ኅዳር 9 ቀን፣ በአርባው ዋዜማ፣ አሸናፊው በሙሉ ድምፅ ታወቀ፦ አርባ ቁጥር፣ ሁለት ሊትር ተኩል። ዘይቱ ተገዝቶ፣ ሪባን ታስሮለት፣ ከሟቹ ፎቶ ሥር ቡፌው ላይ በክብር ተቀመጠ። ሣህሉ ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ጥቁር ለብሰው ቮልሷ ውስጥ ገቡ።

«ዘይቱ ገባ?» አሉ ወይዘሮ ፋንቱ።

«ተመርጧል፣ እማዬ።»

«ገባ ወይ ነው የምልህ?»

«መቶ በመቶ ተጠናቋል!»

የተማረ ልጅ መቶ በመቶ ሲል፣ እናት ከየት አምጥታ ዘጠና ዘጠኝ ትላለች?

ከከተማው ሳይወጡ ወይዘሮ ፋንቱ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያቺ ቀይ መብራት ምንድን ናት?»

«የሽግግር ወቅት ናት፣ እማዬ።»

ዳገቱ ላይ ከኋላ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚያፋጭ ድምፅ ተሰማ፤ ቮልሷም ቀጥ አለች። ተደውሎለት የመጣው ቲጃኒ የዘይት መለኪያውን ሽቦ መዘዘ። ደረቅ ነው።

«ዘይቱ የታል?»

«ቡፌው ላይ» አለች ሩት፣ አንገቷን ደፍታ።

«የትግበራው ምዕራፍ የተያዘው ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ነው» አለ ሣህሉ።

ቲጃኒ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እትዬ ፋንቱ፣ ሞተሩም ጋሽ ከተማን ተከትሏል። አላህ ያጽናዎት።»

ወይዘሮ ፋንቱ ቡና በጫነ አይሱዙ ተለምኖላቸው ሰርቦ ሲደርሱ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ጥላቸውን አጥፈው ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ቤተሰቡ የችግሩን መንስኤ ገመገመ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «ለደረሰው ጉዳት ሙሉ ኃላፊነቱን የሚወስዱት፣ ከአምስቱ ስብሰባዎች በአንዱም ያልተገኙት አባል አቶ ከተማ ናቸው።» ሌሎቹ ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ወይዘሮ ፋንቱ ስላላወጡ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተያዘላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰርቦ የሚሄዱት በሚኒባስ ነው።