የሄምፕ ቅባትና የልጄ እጅ

ጉልበት መኖሩ የሚታወቀው ሲታመም ብቻ ነው። አይደል? የኔው ቀኝ ጉልበት ሰሞኑን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር መኖሩን ያስታውሰኛል። ጭንቄ ደግሞ እሑድ ናት። የጓደኛዬን ወንድ ልጅ ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ። ሕፃን ታቅፎ ያን ሁሉ ሰዓት መቆም አለ። "የክርስትና አባቱ ወንበር አምጡልኝ አለ" ከሚባል ሞት ይሻላል።

የሥራ ባልደረባዬ የሄምፕ ቅባት ተቀባ አለኝ። ሄምፕ የካናቢስ ዘመድ ነው፤ ግን አያሰክርም ይላሉ። ያድን አያድን እንጃ፤ ለእሑድ ሲባል የማልቀባው ነገር የለም። ፊንስበሪ ፓርክ ሰፈር የሚሸጥ ሱቅ አለ ተባለ። ልጄን ቤቲን ክንዴን እንድትደግፈኝ ይዣት ሄድኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ቤቲ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ለንደን ነው የተወለደችው። ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ ሲያዩ ተቀብሎ መያዝ ነው እያልኩ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ። ሰምታኝ ታውቃለች? በጭራሽ። ያን ቀን ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ መክፈያው ጋ ስንደርስ ቅባቱን ከእጄ ወሰደችና "አባዬ፣ ስጠኝ፣ አይል ካሪ ኢት" አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ሻጯ ቤቲን አየችና መታወቂያ ጠየቀቻት። ለእኔ ነው አልኳት። ሄምፕ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ ሰው አንሸጥም አለችኝ። ገዢው እኔ ነኝ ብዬ በራዬን አሳየኋት። ዕቃውን የያዘችው ልጅቷ ናት፣ ለሷ እየገዛህላት ቢሆንስ፣ የሱቁ ደንብ ነው አለች። እስቲ ፍረዱኝ! ዕድሜ ልኳን ያስተማርኳት ሥርዓት የሠራው ያን ቀን ነው፤ እሱም ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ልጆችን ለመጠበቅ ነው? ይሁን፣ እኔም የልጅ አባት ነኝ። ግን የሚያነክስ ሽማግሌ ፊታቸው ቆሞ ቅባቱ ለማን እንደሆነ ይጠፋቸዋል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

በማግስቱ ተመለስን። ቤቲን ውጭ አቆምኳትና እጅሽን ኪስሽ ክተቺ፣ ቤት እስክንገባ አንዳች ነገር እንዳትነኪ አልኳት። "አባዬ፣ ኦቨር አታድርገው" አለችኝ። ዕቃ ይዘሽ ቢያዩሽስ፣ እስቲ ካሜራ የሌለበት መንገድ አሳዪኝ አልኳት። ተናድጃለሁ እኮ! ቅባቱን ገዛሁ፤ እግረ መንገዴን ሽንኩርትና ድንች ጨምሬ ፌስታሉን ተሸክሜ እያነከስኩ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሄድኩ። ቤቲም እጇን ኪሷ ከታ ከጎኔ።

ፌርማታው ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እትዬ አስካለ፣ የሕፃኑ አያት! ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ፌስታሉን አዩ። ጉልበቴን አዩ። የቤቲን ኪስ አዩ። "እግዜር ይመስገን" አሉና አውቶቡሳቸው ላይ ወጡ።

እኛ ቤት ሳንደርስ ለባለቤቴ ደውለውላታል። "የገዛ ልጁን ሥርዓት ያላስያዘ ሰው የኛን ልጅ ክርስትና ሊያነሳ? ሌላ ሰው ይዘናል" ብለዋታል።

ቤቲ አዝናለች። ሐምሌ ላይ አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ሁሉንም እሸከምልሃለሁ ብላኛለች። ቅባቱ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ጉልበቴ ተሽሎታል። እሑድ ቀኑን ሙሉ መቆም እችላለሁ። የምቆምለት ልጅ ነው ያጣሁት።