የጅራታሞች ምርጫ

ተረቱ ይምጣ ካላችሁ ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡ። ድሮ ድሮ፣ ከባሕር ማዶ፣ የዓመቱን ግማሽ በረዶ በሚሸፍነው አገር አንዲት ትንሽ ጫካ ነበረች። ከማነሷ የተነሣ ንጉሥ ድብ ተኝተው እግራቸውን ሲዘረጉ፣ ከጉልበታቸው በታች ያለው በጎረቤት ግዛት ያርፍ ነበር። ጎረቤቶቹም በየዓመቱ የአቤቱታ ደብዳቤ ይልኩ ነበር።

በዚያ ዘመን በዙሪያው ያሉት ጫካዎች ሁሉ ፓርላማ አቋቋሙ። ንጉሥ ድብም «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አሉና ምርጫ አወጁ። አዋጁን የጻፈው አለቃ ቀበሮ ነው። «ጅራቱ አንድ ክንድ የሞላ ይምረጥ፤ ያልሞላ ቆሞ ይመልከት» ይላል።

እመት ጥንቸል ይህን ስትሰማ ዞር ብላ የራሷን አየች። ጎረቤቷ አያ ጃርት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «የንጉሡ ጅራትስ ካንቺ ይረዝማል እንዴ?» አላት።

«ዝም በል! የንጉሥ ጅራቱ አዋጁ ነው» አለችው።

ለእሷ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ትንንሾቹ እንስሳት በጥርሳቸው ያጨዱት ድርቆሽ በቤተ መንግሥቱ ጎተራ ተከምሯል። ባለፈው በረዶ ጎተራው ተዘግቶ ስለከረመ አንድ ልጇን በረሃብ ቀብራለች። ሦስት ቀርተዋታል። ለምርጫው የቀረቡት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ያሸነፈው ወገኖቹን ይዞ ፓርላማውን ይመራል፤ የተሸነፈውም አንድ ወንበር አያጣም። አለቃ ቀበሮ ድርቆሽ አይበላም፤ ግን ስለሚተኛበት እንዳይነካ ይላል። ፊታውራሪ ፈረስ «ከተመረጥኩ ጎተራው ለሁሉም ይከፈታል» ብሎ ምሏል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን» አለ ጃርት።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ አያ» አለች ጥንቸል።

ባለ ረጅም ጅራቶቹ መራጮች አሥራ አንድ ነበሩ፤ ጭጎጎት ያልተጣበቀበት ጅራት ግን አንድም አልነበረም። እሷም ከደጅ ደጅ እየዞረች ጭጎጎቱን በጥርሷ ትለቅምላቸው፣ እየለቀመችም የድርቆሹን ነገር ታጫውታቸው ጀመር። ከንፈሯ እስኪደማ ለቀመች።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ለፈረስ ጅራት ወደ ላይ፣ ለቀበሮ ጅራት ወደ ታች ነው። አምስት ለአምስት ሆኑ። የቀረው ሽማግሌው አህያ ብቻ ነበር። ጅራቱ በጭጎጎት ከብዶ ለዓመታት ዝንብ እንኳ አላባረረም፤ ትናንት ግን እመት ጥንቸል ስታጸዳለት ውላለች። አህያ አሰበ፤ ጆሮውን ነቀነቀ፤ ኋላም ጅራቱን ቀጥ አድርጎ አነሣው። ጥንቸል በደስታ አለቀሰች። ፊታውራሪ ፈረስም በሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ «ውለታሽን አልረሳም፣ እመት» አላት።

ፓርላማው ተከፈተ። መጀመሪያ ወንበሮቹ የጅራት ማሾለኪያ ቀዳዳ ይኑራቸው አይኑራቸው በሚለው ዘጠኝ ቀን ተከራከሩ። ለንጉሡ የምስጋና ደብዳቤ ሲያረቁ ሌላ ስድስት ቀን ሄደ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የድርቆሹ ሕግ ቀረበና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ቀበሮ እንኳ ጅራቱን አነሣ። ማኅተም ለማስመታት ወደ ንጉሡ ቢሄዱ ግን በረዶው መውረድ ጀምሮ፣ ንጉሥ ድብም የዓመቱን እንቅልፍ ይዘዋል። እግራቸው ጎረቤት አገር ነው።

«ቀስቅሷቸዋ!» አለች ጥንቸል።

«ንጉሥ ይቀሰቀሳል እንዴ?» አለ ፈረስ ደንግጦ። ከከንፈሩ ዳር የድርቆሽ ሰበዝ ተንጠልጥሏል። የእንደራሴዎቹ ምሳ የሚወጣው ከጎተራው ነበር፤ ለዚያ ማኅተም አላስፈለገም። «ሕጉ እኮ አልፏል፣ እመት! አሸንፈናል! በረዶው ሲቀልጥ ንጉሡ ይነቃሉ፣ ያትማሉ፣ ጎተራውም በዚያው ቀን ይከፈታል። ትንሽ መታገሥ ነው።»

እመት ጥንቸል ያጸዳችውን ጅራቱን ለአፍታ አየችው፤ እንዴት ያምራል! ከዚያ ለልጆቿ የዛፍ ልጣጭ ልትፈልግ ፊቷን ወደ በረዶው አዞረች።

«በረዶው ሲቀልጥማ፣ ፊታውራሪ፣ ሣሩ ያለ ፓርላማም ይበቅላል።»